የጀልባ ሞተር እንዳያረጅባችሁ፦ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና በፖቶማክ ወንዝ ዓሣ ለምናጠምድ ሰዎች ዝርዝር መመሪያ

የጀልባ ሞተርን ሥራ አይገድለውም። የሚገድለው መቆም ነው። በየቀኑ ውሃ ላይ የሚውል ሞተር ሺህ ሰዓቶችን ሲሻገር፣ በወር አንዴ የሚወጣ የመዝናኛ አጥማጅ ሞተር ግን ገና አዲስ ሳለ ጋራዥ ሲመላለስ ታያላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታንክ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ይበላሻል። ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረ ጨዋማ ውሃ ደርቆ ይጋገራል። ፕሮፔለሩ (ከኋላ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ባለ ክንፍ መዘውር) ሥር የተጠመጠመ የመንጠቆ ክር ማንም ሳያየው እዚያው ይከርማል።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ የምንኖር ዓሣ አጥማጆች አብዛኞቻችን እንዲህ ነን። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ስንነዳ፣ አዳር ስንገባ፣ ልጅ ስናመላልስ እንከርምና አንድ ቀን ሲገኝ በሌሊት ተነስተን ጀልባ እንጎትታለን። ያን ቀን ሞተሩ አልነሳም ካለ ቀኑ አለቀ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ጉዞው ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለት ጉዞዎች መካከል ባለው ጊዜ ላይ ነው። የምናገረው በብዛት ስለምንይዘው ዓይነት ነው፦ ከ17 እስከ 20 ጫማ የሆነ ጀልባ፣ ከኋላው የተንጠለጠለ ባለ አራት ምት ሞተር።

መጀመሪያ ውሃውን እወቁ

መኪና ራዲያተር አለው። የጀልባ ሞተር የለውም። ራሱን የሚያቀዘቅዘው የሚሄድበትን ውሃ እየሳበ ነው። ከታች፣ እግሩ ውስጥ፣ ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ ጎማ አለ። እሱ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃው ሞተሩን ዞሮ ይወጣል። ከኮፈኑ ሥር በቀጭኑ ፊጭ የሚለው ውሃ ምልክቱ ነው። ያ ውሃ ካለ ፓምፑ እየሠራ ነው።

ስለዚህ ሞተራችሁ የሚጠጣው ምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ቼሳፒክ ከላይ እስከ ታች ወደ 320 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሰስኩዊሃና ወንዝ በሚገባበት በሰሜኑ ጫፍ ውሃው ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ደቡብ በወረዳችሁ ቁጥር ጨው ይጨምራል፣ አፉ ላይ ውቅያኖስ ይሆናል። ፖቶማክ ዲሲ አጠገብ ጨው የለውም፣ ግን ከዝናብ በኋላ ጭቃ ነው። አናፖሊስ ወይም ሰሎሞንስ ከወጣችሁ ጨው ጠጥታችኋል። ዲሲ ፍሌቸርስ ኮቭ አካባቢ ከዋላችሁ ደለል ጠጥታችኋል። ሁለቱም መታጠብ ይፈልጋሉ።

ጣና ላይ ጀልባ ላላችሁ ዘመዶቻችንም ይኸው ነው። ጨው የለም፣ ደለል ግን አለ። በዚያ ላይ እምቦጩ አለ። የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፣ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ሞተሩን በየመሀሉ አንስቶ ማጽዳት እዚያ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ

ጠዋት በጨለማ የሚደረግ ምርመራ ምርመራ አይደለም። ማታውኑ፣ ቤት በር ላይ፣ መብራት አብርታችሁ ጨርሱት።

ኮፈኑን ክፈቱ። የዘይቱን ልክ እዩ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ያዘነበለ ሞተር የተሳሳተ ልክ ያሳያል። የነዳጅ ቱቦውን በእጃችሁ ዳስሱ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሚያጣብቅ ካለ ይቀየር። መሃል ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ ጨምቋት። ጥቂት ከተጨመቀች በኋላ ጠንከር ማለት አለባት። ለስላሳ ሆና ከቀረች የሆነ ቦታ አየር ይገባል።

ባትሪውን ለኩ። ሙሉ የሆነ ተራ ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። እኛ አጥማጆች ባትሪ እንጎዳለን። ዓሣ ማሳያው፣ የዓሣ ማቆያው ፓምፕ፣ መብራቱ፣ ስልክ መሙያው ሁሉ ከአንድ ባትሪ ይጠባሉ። ከዚያ ስድስት ሰዓት ቆሞ ሞተሪኖውን እንዲያዞር እንጠብቃለን። አቅም ካላችሁ ሁለት ባትሪ ያዙ። አንዱ ለማስነሻ ብቻ ይሁን።

የተጎታቹን ኩሽኔታዎችም አትርሱ። በአውራ ጎዳና አንድ ሰዓት ተነድቶ የጋለ የጎማ መሃል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ኩሽኔታው ጋ ያለው አየር ተኮማትሮ ውሃ ይስባል። ግራሶው ይታጠባል። መንገድ ዳር የተቀመጠ ባለ ጀልባ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። ግራሶ ጨምሩ፣ ትርፍ ጎማ ያዙ፣ እና ነዳጅ ለመቅዳት በቆማችሁ ቁጥር የጎማውን መሃል በእጃችሁ ንኩ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስነካ ከሆነ አትቀጥሉ።

የምግቡን ነገር ለእናንተ እተወዋለሁ። ድርቆሽ ፍርፍር በዕቃ፣ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙዝ ከሆነ ቀኑን ያደርሳል። ውሃ ግን በብዛት ያዙ። የቼሳፒክ የሐምሌ ሙቀት ቀልድ አይደለም።

ጀልባ ማውረጃው ላይ

ቅዳሜ ሌሊት ሳንዲ ፖይንት መውረጃ ላይ ሰልፍ አለ። እዚያ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ ማሰሪያ መፍታት፣ ዘንግ መቀጠል፣ በረዶ ማፍሰስ ከኋላ ያለውን ሰው ማስቆጣት ነው። ሁሉንም ነገር ከመስመሩ ወጣ ብላችሁ ጨርሱ። የጀልባውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ ድፈኑ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይየው። ያ ትንሽ ቡሽ ተረስቶ ብዙ ጀልባ ውሃ ሞልቶታል።

ጀልባው ከተጎታቹ ሳይላቀቅ፣ የሞተሩ እግር ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ አስነሱት። ፊጭ የሚለውን ውሃ እዩ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ አጥፉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ትንሽ ነው። ቀዳዳዋ ውስጥ ነፍሳት ጭቃ ጎርሰው ይሠሩባታል። ወፈር ያለ የመንጠቆ ክር ቆርጣችሁ ብትገፉባት ትከፈታለች። ከተከፈተች በኋላም ውሃ ከሌለ ያን ቀን ከመሬት አጥምዱ።

የማጥፊያ ገመዱን፣ ማለት ነጂው ከቦታው ሲወድቅ ተነቅሎ ሞተሩን የሚያጠፋውን፣ ልበሱ። ከሚያዝያ 2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ ከ26 ጫማ ባነሰና 3 የፈረስ ጉልበት ወይም በላይ ሞተር ባለው ጀልባ ላይ፣ በፍጥነት ሲኬድ ነጂው ማሰር እንዳለበት የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉን እንኳ እንተወው። ነጂው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ጀልባው ዞሮ ወደ እሱ ይመጣል፣ ፕሮፔለሩም አብሮ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጀልባው ሲንቀሳቀስ የነፍስ አድን ጃኬት መልበስ አለበት። እኔ ለአዋቂም እላለሁ። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፣ ይህን ለመናገር ማፈር የለብንም።

ከሐምሌ 1 ቀን 1972 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ የተወለደ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደህንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ትምህርቱ በኢንተርኔት ይሰጣል። ውሰዱት፣ ብዙ ይጠቅማል።

ውሃ ላይ

ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ አትስጡት። ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሂድ።

ከዚያ ዓይናችሁን ከሦስት ነገር አታንሱ፦ ከምልክት ውሃው፣ ከሙቀት ማሳያው፣ ከፊታችሁ ካለው የክራብ ወጥመድ ተንሳፋፊ። የወጥመዱ ገመድ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን ድንገት ያቆመዋል፣ አንዳንዴም እግሩን ይሰብራል። ገመድ ከያዛችሁ አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ ሞተሩን አንሱና በቢላ ቁረጡ። በኋላ ማርሽ እየነዳችሁ አላቅቀዋለሁ አትበሉ፣ ይብስ ያጠነክረዋል።

የሙቀት ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ወዲያውኑ አጥፉ። «እስኪ ትንሽ ልሂድ» የሚባል ነገር የለም። ሞተሩን አንስታችሁ የውሃ መሳቢያውን እዩ። ላስቲክ ወይም ሣር ነው ብዙ ጊዜ። ካጸዳችሁ በኋላ ይቀዝቅዝ፣ ይነሳ፣ ውሃው ከመጣ በቀስታ ወደ መውረጃው።

በፀደይ ሮክፊሽ (ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ) ፍለጋ ለሰዓታት በዝግታ ለምትጎትቱ አንድ ምክር አለኝ። ባለ አራት ምት ሞተር በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በዝግታ ሲሄድ አይሞቅም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በሳምንቱ ዘይቱን ስትለኩ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ዘይት አልጨመራችሁም፣ ግን ጨመረ። አሽትቱት፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። እንዲህ ያለ ዘይት ብረቱን አይጠብቅም፣ ይቀየር። መከላከያው ቀላል ነው፦ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ፈጠን አድርጋችሁ ንዱት፣ ይሙቅ።

ቼሳፒክ ጥልቀት የለውም። አማካዩ 6 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቁልቁል ይሆናል፣ በተለይ ነፋሱና ሞገዱ ሲቃረኑ። ሞተራችሁን የማታምኑት ከሆነ ሳንዲ ፖይንት አጠገብ ካለው ከቤይ ብሪጅ ድልድይ ማዶ ምን ትሠራላችሁ? በቅርብ አጥምዱ።

ቤት ስትመለሱ፦ የሁሉም ነገር ቁልፍ

ደክሟችኋል። ዓሣው መጽዳት አለበት። ጎረቤት «ምን ያዛችሁ?» እያለ ይመጣል። ልጆች ይጮሃሉ። ሞተር ማጠብ «ነገ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ነገ ደግሞ ሥራ ነው። ስለዚህ ደንብ አውጡ፦ ሞተሩ ሳይታጠብ ዓሣ አይታረድም።

ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው የጆሮ መሸፈኛ የሚመስለው ጎማ ነው። የአትክልት ቱቦ ትቀጥሉበትና በእግሩ ግራና ቀኝ ባለው የውሃ መሳቢያ ላይ ታደርጉታላችሁ። መጀመሪያ ውሃውን ክፈቱ፣ ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱ። ይህ ቅደም ተከተል እንዳይገለበጥ። ኢምፔለሩ በደረቁ ሲዞር ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ይቃጠላል። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛው ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ፕሮፔለሩ አጠገብ ሰውም ልጅም ውሻም አይድረስ። ሲጨርስ ሞተሩን አጥፉ፣ ከዚያ ውሃውን ዝጉ።

ሁለተኛው ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ጎን ላይ ያላቸው የማጠቢያ ቀዳዳ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በብዙዎቹ ሞተሮች ይህ ቀዳዳ የሚሠራው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ውሃው ከላይ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ኢምፔለሩ ጋ በበቂ አይደርስም። ስለዚህ እዚያ ላይ ቱቦ ቀጥሎ ማስነሳት ኢምፔለሩን ማቃጠል ነው። የሞተራችሁን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ። ያገለገለ ገዝታችሁ መጽሐፍ ካልተሰጣችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሞተሩ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ይከፈታል፣ ንጹሕ ውሃ ጨው የሚጋገርበት ውስጠኛው ክፍል ድረስ ይደርሳል። በጠፋ ሞተር ይህ በደንብ አይሆንም። አፓርታማ የምትኖሩና ቱቦ የሌላችሁስ? ትልቅ ባልዲ ወይም በርሜል የሞተሩን እግር ከዋጠ ይበቃል። ብዙ መውረጃዎችም የማጠቢያ ቦታ አላቸው።

ሲያልቅ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ውስጡ ያለው ውሃ የሚፈሰው እንዲያ ሲቆም ነው። ውጪውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ኮፈኑ ሥር ግን በኃይል ውሃ አትርጩ። ኤሌክትሪኩ እዚያ ነው።

ስለ ቤንዚን

ከጋራዥ ወጪ ትልቁ ድርሻ ከቤንዚን ነው የሚመጣ ብል አላጋነንኩም። አሜሪካ ውስጥ ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ውሃ ይወዳል። ከአየሩ እርጥበት ይስባል። በቂ ውሃ ሲጠጣ ከቤንዚኑ ይለይና ታንኩ ሥር ይቀመጣል። የነዳጁ መሳቢያ ያለው ደግሞ ታንኩ ሥር ነው። ሞተሩ መጀመሪያ የሚጠጣው እሱን ነው።

ከ10 በመቶ በላይ ኤታኖል ያለበትን ለጀልባ አትቅዱ። 15 በመቶ ያለበት አንዳንድ ማደያ ላይ በርካሽ ይሸጣል፣ ለጀልባ ሞተር የተከለከለ ነው። ኤታኖል የሌለበት ካገኛችሁ ጥቂት ሳንቲም ቢጨምርም ግዙ። የጀልባ ማቆሚያዎች ብዙ ጊዜ ይሸጣሉ።

በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የማትጨርሱትን አትሙሉ። የምትሞሉ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል በዚያው ዕለት ጨምሩበት። ከተበላሸ በኋላ የሚያድነው የለም። ውሃ የሚለይ ባለ 10 ማይክሮን ፊልትሮ በታንኩና በሞተሩ መሃል ይኑር። በዓመት አንዴ ቀይሩት፣ የወጣውን በብርጭቆ ዕቃ አፍስሳችሁ እዩት። ውሃ ካለ ከሥሩ ተለይቶ ይታያል። ያን ጊዜ ፊልትሮውን ሳይሆን ታንኩን ነው ማጽዳት ያለባችሁ።

ካርቡራተር ያለው ሞተር ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ፣ በሚታጠብበት ጊዜ የነዳጅ ቱቦውን ነቅላችሁ ራሱ እስኪጠፋ ይሂድ። ካርቡራተሩ ደርቆ ይቀመጣል። ኢንጀክሽን ላለው ግን ይህን አታድርጉ፣ ፓምፑ የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው በነዳጁ ነው።

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለት ባለ ሁለት ምት ሞተር ላላችሁ፣ በተለይ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ላላችሁ፦ 50 ለ 1 ማለት ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ዘይቱ ለውሃ ሞተር የተሠራ ይሁን። የሞተር ሳይክል ዘይት ለሌላ ሙቀት የተሠራ ነው። «ትንሽ ላብዛለት» ብሎ መጨመር ካንዴላ ያጠቁራል፣ መቀነስ ደግሞ ፒስተን ያቃጥላል። በዓይን አትገምቱ፣ ለኩ።

ፕሮፔለሩና የካምቢዮ ዘይቱ

ለአጥማጅ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ጥፋተኛው የራሳችን ክር ነው። የተበጠሰ ክር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ፕሮፔለሩ ይስበዋል። በዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ሲዞር ሙቀት ይፈጥራል። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ከዚያ ውሃ ወደ ካምቢዮው ይገባል። ከውጪ ምንም አይታይም። ሞተሩ እንደ ወትሮው ይሄዳል። ከወራት በኋላ ጥርሶቹ ዝገው ይሰበራሉ፣ ጥገናውም የሞተሩን ግማሽ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ በየወሩ አንዴ ፕሮፔለሩን አውልቁ። ቁልፉን አውጡ፣ የማጥፊያ ገመዱን ንቀሉ። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ) በፒንሳ አቃኑና አውጡ። ፕሮፔለሩ እንዳይዞር ከላዩ ካለው ሳህን ጋር እንጨት አስገቡበት፣ ዳዶውን ፍቱ። ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ፣ ፎቶም አንሱ። ክር ካለ በጥንቃቄ ቆርጣችሁ አውጡ። ዘንጉን ጠርጋችሁ የባሕር ግራሶ ቀቡ። በቦታው መልሱ፣ አዲስ ኮፒሊያ ተጠቀሙ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የካምቢዮ ዘይት ደግሞ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር። ለባሕር ሞተር የተሠራ ዘይት፣ ከሥር የሚገፋ ትንሽ ፓምፕና አዲስ የብሎን ጓርኒሲዮኖች ያስፈልጋሉ። ከዚያ እንዲህ ነው፦

1. ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከሥሩ ዕቃ አስቀምጡ።
2. በመጀመሪያ የታችኛውን ብሎን ፍቱ፣ ቀጥሎ የላይኛውን። የላይኛው ሲከፈት አየር ይገባና ዘይቱ ይወርዳል።
3. የሚወርደውን እዩ። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል።
4. የታችኛው ብሎን ጫፍ ማግኔት ካለው ተመልከቱት። ጥቁር ልስን ያለ ነው። የብረት ቁርጥራጭ ካለ መካኒክ ጋ ሂዱ።
5. አዲሱን ዘይት ከታች ወደ ላይ ሙሉ። ከላይኛው ቀዳዳ ያለ አየር አረፋ ሲወጣ ሞልቷል።
6. አሁን የላይኛውን ብሎን መጀመሪያ ዝጉ። ከዚያ ፓምፑን ነቅላችሁ ቶሎ ብላችሁ የታችኛውን። ላይኛው ከተዘጋ ዘይቱ አይፈስም ማለት ይቻላል።

ከላይ ለመሙላት አትሞክሩ። አየር ውስጡ ይቀራል፣ የሞላ ይመስላችኋል እንጂ አልሞላም። ያ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ ዘይት ቀይሮ ማለፍ ዋጋ የለውም። ጎማው መቀየር አለበት፣ እግሩም በአየር ግፊት መፈተሽ አለበት። ይህን ለባለሙያ ስጡ።

ቀሪዎቹ

የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት፤ ለባለ አራት ምት የባሕር ሞተር የተፈቀደ ዘይት ይሁን። ካንዴላዎቹን በዚያው ጊዜ አውጥታችሁ እዩ፦ ቡናማ ጤነኛ ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ነዳጅ በዝቷል ወይም አልሞቀም፣ ነጭ ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቋል። ነጩ ላይ ቸል አትበሉ።

ሞተሩ እግር ላይ የተለጠፉት ግራጫ ብረቶች አኖድ ይባላሉ። ሥራቸው በዋናው ብረት ፋንታ መበላት ነው። ጨው ውስጥ ዚንክ፣ በተቀላቀለው ውሃ አሉሚኒየም፣ በንጹሕ ውሃ ማግኒዚየም ይመከራል። ለእኛ ቼሳፒክ አሉሚኒየሙ የተሻለ ነው። ግማሹ ካለቀ ቀይሩ። ቀለም አትቀቡት፣ የተቀባ አኖድ አይሠራም።

ኢምፔለር በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ይቀየራል። የምልክት ውሃው እየደከመ ከመጣ አትጠብቁ። ሥራው እግሩን ማውረድ ስለሚጠይቅ በመጀመሪያው ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። አሮጌው ሲወጣ ክንፎቹን ቁጠሩ። የጎደለ ካለ ቁራጩ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ሳይገኝ መዝጋት አይገባም።

አልነሳም ሲል

አትደንግጡ፣ ሞተሪኖውንም አታድክሙ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። የማጥፊያ ገመዱ ቅንጥብ ቦታው ላይ ነው? ብዙ ሞተሮች ያለ እሱ ይዞራሉ እንጂ አይነሱም፣ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመውም ይህ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው? ተንቀሳቃሽ ታንክ ከሆነ የአየር መግቢያው ተከፍቷል? ኳሷ ጠንክራለች? የቱቦው ጫፍ ሞተሩ ላይ በደንብ ገብቷል?

ጭራሽ ካልዞረና ጠቅ ጠቅ ብቻ ካለ ባትሪው ነው ወይም ማሰሪያው ላልቷል። የባትሪውን ገመድ በእጃችሁ አንቀሳቅሱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ይፋቅ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ፊውዝ እዩ። ከዚያ በላይ ውሃ ላይ የሚሠራ ነገር የለም። መልሕቅ ጣሉና በሬዲዮ ወይም በስልክ ጥሩ። ሬዲዮ ካላችሁ ቻናል 16 የጭንቅ ጊዜ ነው። አንዳንድ ቦታ ስልክ አይይዝም፣ ሬዲዮ ይኑራችሁ።

ጀልባው ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጥ ሳጥን ይኑር፦ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፊውዞች፣ ትርፍ ዳዶና ኮፒሊያ፣ ትርፍ የማጥፊያ ገመድ፣ ቢላ፣ የእጅ ባትሪ።

ጀልባው የጋራ ከሆነ

በዕቁብ ገንዘብ ወይም በመዋጮ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጀልባ የገዛችሁ ብዙ ናችሁ። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን የጋራ ሞተር በቶሎ ይበላሻል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሌላው ያጠበው ይመስለዋል። በጨዋነት ዝም መባባል እዚህ ላይ ጀልባውንም ጓደኝነቱንም ይጎዳል።

ውሃ የማይገባው ላስቲክ ውስጥ ደብተር አስቀምጡ። ቀን፣ የሞተሩ ሰዓት፣ ስንት ጋሎን ተቀዳ፣ ማን አጠበ። ይኸው ነው። የማጠቡን ሥራ የሚሠራው ያን ቀን ያወጣው ነው፣ ድርድር የለውም። ከአንድ ሰው በላይ ከሆናችሁ በየጉዞው ትንሽ ገንዘብ ለጥገና አስቀምጡ። በዓመቱ መጨረሻ ኢምፔለርና አኖድ ሲገዛ ማንም ማንንም አይጠይቅም። በዕድሜ የሚበልጥ ጋሼ ካላችሁ ደብተሩን እሱ ይያዝ፣ ክርክር ይቀንሳል።

የዓሣውን ክፍፍልም እንዲሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሮክፊሽ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ጉላሽም ኮተሌትም ይሆናል። ብሉ ካትፊሹን ግን ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ አሉ። ያን ለሚበላ ጎረቤት ስጡ፣ አትመልሱት። በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወደ ቨርጂኒያ ወንዞች የገባና ሌላውን ዓሣ የሚጨርስ ነው፣ ሜሪላንድም በቁጥር አልገደበውም። የሮክፊሽ ደንብ ግን በየዓመቱ ስለሚለወጥ ከመውጣታችሁ በፊት የዓመቱን መጠንና ወቅት ተመልከቱ።

ክረምት ሲገባ

ኅዳር መጨረሻ ላይ አካባቢው መቀዝቀዝ ይጀምራል። ሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ብረት ይሰነጥቃል። የመጨረሻ ጉዟችሁን ስትጨርሱ በዚያው ሳምንት ሥሩት።

ማቆያ ኬሚካሉን ታንኩ ውስጥ ጨምሩና ሞተሩን እያጠባችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ አስኬዱት፣ ኬሚካሉ እስከ ሞተሩ ውስጥ ይድረስ። የሞተር ዘይቱን አሁን ቀይሩ፣ ለፀደይ አታቆዩት። ያገለገለ ዘይት ውስጥ አሲድና እርጥበት አለ፣ ክረምቱን ሙሉ ብረቱን ሲበላ ይከርማል። የካምቢዮ ዘይቱንም አሁን። ውሃ ከገባበት የምታውቁት ከበረዶው በፊት ይሁን። መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ በካንዴላ ቀዳዳዎች የመከላከያ ዘይት ርጩ። ግራሶ መቀበያዎቹን ሁሉ ሙሉ። ባትሪውን አውጥታችሁ ቤት አስገቡ፣ በወር አንዴ ሙሉት። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆም፣ አንግላችሁ አትተዉት።

መጋቢት ሲደርስ ፖቶማክ ላይ ነጭ ፐርች የሚባለው ዓሣ መግባት ይጀምራል፣ እናንተም ትቸኩላላችሁ። ሑዳዴ ነውና ዓሣ የሚበላውም የማይበላውም እንዳለ ሆኖ፣ ለመያዝ የሚጓጓው ብዙ ነው። ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ መውረጃው ላይ አታስነሱት። ከሳምንት በፊት ቤት በር ላይ፣ ቱቦ ተቀጥሎለት ይነሳ። የምልክት ውሃውን፣ የነዳጅ ቱቦዎቹን፣ የጎማዎቹን ነፋስ እዩ። የጭንቅ ምልክት ርችቶቹ ላይ የተጻፈውን ቀን አንብቡ፣ ከተሠሩ በ42 ወራቸው ያልፍባቸዋል። ለመጀመሪያው ጉዞ ከመውረጃው ብዙ ሳትርቁ፣ መሬት እየታያችሁ፣ አንድ ሁለት ሰዓት አጥምዳችሁ ተመለሱ። ቤት ስትደርሱ ኮፈኑን ከፍታችሁ የሚንጠባጠብ ካለ እዩ፣ ዘይቱን ለኩ፣ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ምንም ካልተገኘ በሚቀጥለው ቅዳሜ ድልድዩን ማለፍ ትችላላችሁ።